እሜቴ ጉርድ ልክ ስትወስድ

ጥቅምት 4

ለምወድሽ ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። የሚያክሙሽን ሰዎች እጃቸውን ፈጣሪ ይባርክልሽ፣ የሚሰጡሽ መድኃኒት ፈውስ ይሁንሽ። አሜን በይ።

ልጅሽ ከገባችልኝ ሦስት ሳምንቷ ነው። በስልክ ብዙ የማላወራሽ ቤቴን ስለምታውቂው ነው፤ መኝታውንና ስፌት ቤቱን የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ነው፣ የዚች ልጅ ጆሮ ደግሞ መርፌ ሲወድቅ ስንት ቁጥር እንደሆነ ይለያል። ስልኬንም ከኔ በተሻለ ትከፍተዋለች። ስለዚህ እንደተባባልነው ዋና ዋናውን በደብዳቤ እናድርገው። ያስጠናሽኝንም ነግሬያታለሁ፤ «እናትሽን መሥሪያ ቤቷ ለስልጠና ልኳታል፣ ስትጨርስ ትመጣለች» አልኳት። ሰማችኝና «ስልጠናው ምን ያስተምራል?» አለችኝ። እኔ ሞኟ «አንሶላ አተኳኮስ» አልኳታ! «እማዬኮ አንሶላ ስትተኩስ ስምንት ዓመቷ ነው» አለች። እኔም ክር እንደጠፋው ሰው ወለል ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

ድንቢጥ ብያታለሁ። ስትበላ እንደ ድንቢጥ ትለቅማለች፣ ስትራመድ ኮቴ የላትም። ጠዋት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከሰዓት እኔ ጋ ናት፤ ቁልፍ በመልክ በመልኩ ትለይልኛለች፣ የደንበኞቼን የልክ ደብተር ታነብልኛለች።

የመጀመሪያ ቀን ያስደነገጠቻት እሜቴ ጉርድ ናት። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለገዛኋት አታውቂያትም። ጭንቅላትም እጅም የላት፣ በአንድ እግሯ የቆመች የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ናት። ስትፈጠር ከሲታ ናት፤ ደንበኛ ስትመጣ ግን ልኳን እያየሁ በጥጥና በጨርቅ እጠቀልላትና ያችኑ ደንበኛ አስመስላታለሁ። አንዷ ስትመጣ ዳሌ ታወጣለች፣ ሌላዋ ስትመጣ ሆድ። ድንቢጥ ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ብዙ አየቻትና «ጭንቅላቷን ማን ወሰደው?» አለችኝ።

እኔ መቼም አፌ ዚፕ የለውም። «እሷም እሱን ነው የምትፈልገው» አልኳት። «ሰው ሲወጣላት ትወርድና ሜትሬን ታነሳለች። የሰው አንገት ትለካለች። ሠላሳ አንድ የሆነ አንገት ስታገኝ ‹ልኬ ነው› ትላለች።»

«የኔ ስንት ነው?»

ለካኋት። «ሃያ ስድስት።»

«እሰይ! አልሆናትም!»

«ታድጊያለሽ» አልኳት።

ጩኸቷ ማዶ ሥጋ ቤቱ ድረስ ተሰማ። ጮኻ ስታበቃ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳቀች! ከመጣች የመጀመሪያዋ ነው። «ድገሚው» አለችኝ። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ለቀልድ ብላ አንገቷን ብትለካ ሠላሳ አንድ ሆነ እልሻለሁ፤ ይኸው ሁለት ቀኗ፣ ቀሚሷን ልትሞክር አልመጣችም።

የምትወድሽ

---

ኅዳር 2

ለተከበርሽው እትዬ፣

እንደምን አለሽልኝ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄን ስለተቀበልሽልኝ የምልሽ የለኝም፤ ምስጋናውን ለመናገርም ጉልበት ይጠይቃል።

ቀዶ ጥገናው ኅዳር 19 ሆኗል። ግራ ጡቴን ሙሉውን ያነሱታል። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ከእንግዲህ በስሙ አንጥራው።

እስከዚያ እየሠራሁ ነው። የሆቴሉን አንሶላ የምንተኩሰው ሁለት ሁለት እየሆንን ነው፤ አንዷ አንዱን ጫፍ ይዛ ማሽኑ ውስጥ ታገባለች፣ ሌላዋ በወዲያ በኩል ትጎትታለች። ግራ እጄ ስለደከመ ጓደኛዬ ከባዱን ጫፍ መያዝ ጀምራለች። አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አስፈሪ ተረት አትንገሪያት። አታውቂያትም፤ እዚህ ሳለች የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ሲያጉረመርም እንኳ እየሮጠች ጉያዬ ትገባ ነበር። የፈሪ ፈሪ ናት። ጭራቅ ሳይጨመርባት ያለባት ይበቃታል። አሻንጉሊቷንም ከዓይኗ ዞር አድርጊልኝ። ስለ እኔ ደግሞ ምንም እንዳታውቅ። በሰላም ካለፈ ማወቅ አያስፈልጋትም። በሰላም ካላለፈ ያኔ ታውቀዋለች።

አክባሪሽ

---

ኅዳር 26

ለአንጀቴ፣ ለአክስቴ ልጅ፣

እንኳን ከዚያ ቀን አወጣሽ! ጓደኛሽ ደውላ «ደህና ወጥታለች» ስትለኝ አፌ ውስጥ የያዝኩትን ስፒል ልውጠው ነበር። ድንቢጥ ቀና ብላ «ማን ነው የወጣው?» አለችኝ። «አንዲት ደንበኛ፣ ከገበያ» አልኳት። ከቤት ሳልወጣ ውሸታም አደረግሽኝ፤ ይቅር ይበለን።

አሁን ቁጣሽን አዘጋጂ፣ ልናዘዝልሽ ነው። ዘጠኝ ቀን ቃልሽን ጠበቅሁ። እሜቴ ጉርድን ከበር ጀርባ አስገባኋት፣ ተረቱንም «አልቋል» አልኳት። ልጅቷ ምን ሆነች መሰለሽ? ለስላሳ ነገር እንኳን አልወርድ አላት። ጥፍሯን ጨረሰችው። ስልክ በጮኸ ቁጥር መጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች። እሜቴ ጉርድ መሃል ቤት ቆማ ሳለች ግን በልታ፣ ተጫውታ፣ ስቃ ነበር! ቤቱ ውስጥ ጭራቅ ሲኖር ደህና፣ ጭራቁ ሲወጣ ፍርሃት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?

አሥረኛው ቀን አልቻልኩም፣ ቀጠልኩላት። አነጋገሬን ስሚኝና ፍረጂ። ሜትሩን አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ አንዱን ጫፍ እሷ። በጣም ስትፈራ ትጎትታለች፣ እኔም መልሼ እጎትታለሁ፤ «አለሁ» ማለቴ ነው። ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት። «ያልቃል?» ትለኛለች። «ያልቃል» እላታለሁ። «እሺ፣ አስፈሪኝ።»

እሷ ብቻ እንዳትመስልሽ። ማዶ ያለው ሥጋ ቆራጭ፣ ያ ቀኑን ሙሉ መጥረቢያ ይዞ የሚውለው ግንድ የሚያህል ሰው፣ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ተረቱ መሃል ደረሰ። ሱሪው ተሠርቶ ተተኩሶ አለቀ፣ ሰውየው ከወንበሩ አልነሳ አለ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«እስኪ አንገቱን ስታገኝ ልስማና።»

«አንተን የሚያህል ሰው አታፍርም?»

«ምን አሳፈረኝ» አለኝ። «ለባንክ ብድር ያስያዝኩት ቤት አለ፣ የእናቴ ልብ አለ፣ የሚያስፈራኝ ነገር ሞልቷል። እሱ ሁሉ መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረኝ የለም። ይቺኛዋ ግን ታልቃለች፤ ስታልቅ ሱሪዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅሁም፣ ግን ሰው ለምን በገዛ ፈቃዱ እንደሚፈራ ከዚህ በላይ የነገረኝ የለም። ባይሆን አስቢበት። በርቺ፣ ብዪ፣ ተኝተሽ እረፊ።

ጥፋተኛዋ እህትሽ

---

ታኅሣሥ 20

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁስሉ እየደረቀ ነው።

ትናንት ስደውል ልጄ ስልኩን ተቀብላ «ያልቃል?» አለችኝ። ሰላም እንኳ ሳትለኝ። «ምኑ?» ብላት ስልኩን መልሳ ለአንቺ ሰጠችሽ። ሦስት ወር ሙሉ ድምፅዋን ለመስማት ስጠብቅ የሰማሁት ያንቺን ተረት ነው።

የአባቷ እህት፣ መምህርቷ፣ ልጅቷን ልውሰዳት ብላኛለች። ቤቷ ሰፊ ነው፣ ሥርዓትም አለው። እስከ ጥር መጨረሻ ካላቆምሽ መጥታ ትወስዳታለች። ይህን የምጽፈው ይቅርታ እንድትጠይቂኝ አይደለም። እንድታቆሚ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሕክምና እጀምራለሁ። ስለ እሱም አትጠይቂኝ።

---

ጥር 12

ለአክስቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ላንቺ ይሁን።

አቁሜያለሁ። በስፌት መኪናዬ እምልልሻለሁ፣ ከእሷ የበለጠ ንብረት የለኝም። እሜቴ ጉርድ ከበሩ ጀርባ አንሶላ ተከናንባ ቆማለች። ሥጋ ቆራጩ መጥቶ «የት ደረሰች?» ሲለኝ «ጡረታ ወጣች» አልኩት። ድንቢጥ አልሳቀችም።

ልጅቷን ግን አትውሰጂብኝ። ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ። እሺ፣ ለራሴም ብዬ ነው። ግን እሷም አሁን ገና ነው ጫማዋን የምታወልቅበትን ቦታ የለመደችው። እንደገና ሌላ ቤት፣ እንደገና ሌላ በር። በሁለት መስመርም ቢሆን መልሽልኝ።

---

የካቲት 8

የአክስቴ ልጅ፣

መልስሽን ጠብቄ ጠብቄ ዓይኔ ደከመ። ስደውል ጓደኛሽ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች። ጠዋት ተኝታለች፣ ቀትር ላይ ተኝታለች። ሰው ይህን ያህል ይተኛል? መምህርቷም አልመጣችም፣ አትመጣምም አላለችም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር እኔም እንደ ልጅሽ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ድንቢጥ ትናንት «አክስቴ፣ አንቺ ምን ያስፈራሻል?» አለችኝ። «አይጥ» አልኳት። ፊቴን አየችኝና «እሺ፣ አይጥ ይሁን» አለች። አንቺ ሆይ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላት ልጅ ስታባብለኝ!

አንዲት ቃል ላኪልኝ።

---

የካቲት 27

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ። ስለቆየሁብሽ ይቅር በይኝ። መድኃኒቱ ብዕር አያስይዝም። ፀጉሬ አልቋል፣ ቅንድቤም ተከትሎታል። ሥራ ቦታዬን እየጠበቀችልኝ ያለችው ጓደኛዬ ናት።

መምህርቷን ተይው ብያታለሁ። አንቺንም ተቆጥቼሽ ነበር፣ አሁን ለቁጣም አቅም የለኝም።

ሐኪሟ በግንቦት ለአንድ ወር መጓዝ ትችያለሽ ብላኛለች። እመጣለሁ። እንዲህ ሆኜ ግን ልጄ ፊት አልቆምም። ቀሚስ ስፊልኝ። አንገቱ ዝግ፣ እጅጌው ረጅም፣ ደረቱ ላይ ሽብሽብ ያለው ይሁን፤ በግራ በኩል ጥጥ ሙይበትና ከቀኙ አስተካክይው። ከዚያው ጨርቅ የራስ መሸፈኛም አውጪለት። ልኬን በሌላ ወረቀት ጽፌ አስገብቻለሁ፣ ስም አልጻፍኩበትም። ካየሽው በኋላ አቃጥይው።

ልጄ ዓይኗን ስትጨፍንብኝ ማየት አልችልም። የምፈራው እሱን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሆኗል።

---

መጋቢት 13

ለእህቴ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ወረቀቱን አላቃጠልኩትም። ያልታዘዝኩሽ ሆን ብዬ አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደንበኛ ልክ ሲመጣልኝ ደብተሩ ውስጥ ነው የማስገባው፣ እጄ በለመደው ሄደና አስገባው። ከዚያ የሥጋ ቆራጩን ካፖርት ላደርስ ወጣሁ። ሰውየው ደግሞ ወሬ ሲጀምር አያልቅበትም፣ እኔም አላንስም። ግማሽ ሰዓት ቆየሁ።

በሩን ስከፍት እሜቴ ጉርድ መሃል ቤት ቆማለች። ድንቢጥ ጎትታ አውጥታታለች፣ ደብተሩን ወንበር ላይ ዘርግታለች፣ ወረቀቱን በአንድ እጇ ይዛለች። እኔ ሳደርግ እንዳየችው ሁሉንም በየቦታው አድርጋዋለች። የፀጉር ሠሪዋን ወገብ ፈትታ መሬት ላይ ጥላዋለች፤ ስልሳ አንድ ብለሽ የጻፍሽው ወገብ ምንም ጨርቅ አይፈልግማ። ቀኝ ደረቷ ላይ ጥጥ ሞልታ በስፒል አያይዛለች። በግራ በኩል «የለም» ብለሽ ነበር የጻፍሽው። በግራ በኩል ምንም አላደረገችም።

የጮኽኩት እኔ ነኝ። እሷ አልጮኸችም።

«ይቺ ማናት?» አለችኝ።

«ደንበኛ ናት።»

«ስሟ ማን ነው?»

«አዲስ ናት ድንቢጤ፣ አታውቂያትም።»

«አራት ቁጥሯ ወንበር ይመስላል» አለች። «እንዲህ የምትጽፈው እማዬ ናት።» ከዚያ ወደ እሜቴ ጉርድ ዞረችና ያንን የመጀመሪያ ቀን ጥያቄዋን ጠየቀችኝ፤ «ጡቷን ማን ወሰደው?»

አፌ ዚፕ የለውም ያልኩሽ ሴትዮ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«በፊትም አውቄ ነበር» አለችኝ። «ጡቷን አይደለም። የሆነ ነገር እንዳለ። እማዬ ስትታጠብ በር መቆለፍ ጀመረች። ድሮ አትቆልፍም፣ እያወራችኝ ነበር የምትታጠበው። ከዚያ ውሃውን ትከፍትና ታለቅሳለች። ቧንቧው ሲያጉረመርም እሮጥ የነበረው ለዚያ ነው።»

«ቧንቧው አስፈርቶሽ አይደለም እንዴ?»

«ቧንቧ ምን ያደርገኛል?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም፣ የኔ ልጅ?»

«ጠይቄያታለሁ። ‹ያልቃል?› አልኳት። ‹ምኑ?› አለችኝ።»

ይሄን ሰምቼ ምን ልሁን? እኛ ለስድስት ወር በደብዳቤ ስንደባበቅ፣ እሷ ከእኛ በላይ ፈርታ ብቻዋን ነበረች። እሜቴ ጉርድን የወደደቻት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እዚህ ቤት ሰው ደፍሮ ስሟን የሚጠራት ጭራቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ልጅቷ ተነሳችና አሻንጉሊቷን አቀፈቻት። በግራ በኩል ጉንጯን አስደገፈች። «እዚህ ጋ ይመቻል» አለችኝ። ዓይኗን አልጨፈነችም። አይቻታለሁ፣ ለዚህ ምስክርሽ እኔ ነኝ።

ከዚያ ትልቁን መቀስ አነሳችና ሜትሬን ቆረጠችው! «ኧረ ባክሽ!» ብዬ ብጮህ አልሰማችኝም። ብዙ ዘመን አብሮኝ የኖረ ሜትር ነበር፣ አሁን ደንበኛ የምለካው ተውሼ ነው። «አንዱን ለእማዬ ላኪላት፣ ስትፈራ ትጎትተዋለች» አለችኝ። ይኸው ፖስታው ውስጥ ነው።

የጠየቀችኝን ሁሉ አልመለስኩላትም። ይሄ ተረት የኔ አይደለም። አንቺ ንገሪያት። እሷ እየጠበቀች ነው፣ እኔም።

---

ሚያዝያ 3

ለልጄ፣ ለድንቢጥ፣

አክስትሽ ያወጣችልሽ ስም ያምርብሻል። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ አክስትሽ አጠገብሽ ትቀመጥ፣ እጅሽንም ትያዝ።

አንዲት አንሶላ ተኳሽ ነበረች። አንድ ቀን ስትታጠብ በግራ በኩል እንደ ሽንብራ የምታህል ነገር አገኘች። አውሬ ነው። ጥርስ የለውም፣ ድምፅም የለውም፣ ዝም ብሎ ያድጋል። ሴትየዋ አውሬውን በጣም ፈራችው፤ ልጇ እንዳታየው ደግሞ ከዚያ በላይ ፈራች። ስለዚህ በር ቆለፈች፣ ልጇን ሩቅ ላከች፣ ዋሸችም። ስልጠና አልነበረም። ሐኪሞች አውሬውን ከነማደሪያው አወጡት። ፍርፋሪ ቀርቶ እንደሆነ ብለው የሚያቃጥል መድኃኒት በክንዷ ሰጧት። ፀጉሯን የወሰደው መድኃኒቱ ነው። እሜቴ ጉርድ ጭንቅላት የላትም፣ እኔ ጭንቅላት አለኝ፣ ፀጉር ነው የሌለኝ። ሁለታችንም አንድ ላይ ብንቆም እኔ እሻላለሁ መሰለኝ።

ያልቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ምኑን እንደሆነ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። ፈርቼ ነው ያላወቅሁ የመሰልኩት። አሁን ልመልስልሽ፤ አላውቅም። ሐኪሟን ስጠይቃት «ያለቀ ይመስለኛል» ብላለች፣ በየስድስት ወሩም ታየኛለች። ሌሎች ተረቶች ሲጀመሩ ያልቃሉ ይባላል፣ የኔን እንዲያ ማለት አልችልም። ቃል የምገባልሽ አንድ ነገር ነው፤ መሃል ላይ አላቆምብሽም። የደረስኩበትን ሁሉ እነግርሻለሁ።

የላክሽልኝን ሜትር መድኃኒቱ ሲገባ አንጓዬ ላይ አስሬዋለሁ። ነርሷ «ምንድን ነው?» አለችኝ። «አንድ ሰው በወዲያ በኩል ይዞልኛል» አልኳት። ሁለቴ ጎተትኩት። መልሰሽ ስትጎትቺ ግን ሩቅ ስለሆነ አልተሰማኝም። ስለዚህ ጻፊልኝ።

እናትሽ

---

ሚያዝያ 22

ለእማዬ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴ እጄን ይዛኝ ነው ያነበብኩት፣ ግን ያለቀሰችው እሷ ናት። ሥጋ ቆራጩም ሰምቶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ዓይኔ ውስጥ ክር ገብቶ ነው አለ።

ተረትሽ ከእሜቴ ጉርድ ይበልጥ ያስፈራል። ድምፅ የለውም ያልሽው ጋ ሜትሬን ጎተትኩት። ሁለቴ አይደለም፣ አራቴ ነው። ያልተሰማሽ ያን ቀን እንደጎተትሽ አልነገርሽኝም ነበር፣ ለዚያ ነው።

ቀሚስሽ አልቋል። ሰማያዊ ነው። አክስቴ ጥጥ ልትሞላ ስትል እንቢ አልኳት፣ በልክሽ ትስፋልሽ እንጂ አትደብቅሽ አልኳት። ሽብሽቡን ግን እንዳለ ትተንልሻል፣ ያምራል። እሜቴ ጉርድ አሁን አንቺን መስላ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ፀጉር ሠሪዋ ገብታ ብታያት እየጮኸች ወጣች። እኔ ስወጣና ስገባ ሰላም እላታለሁ።

ስትመጪ አንገትሽን እለካዋለሁ። ሠላሳ አንድ ከሆነ ለማንም አልናገርም።

አክስቴ ሜትሯን ዝም ብዬ የቆረጥኩት መስሏት ነበር። አይቼ ነው የቆረጥኩት። አንቺ ጋ ያለው ከአንድ ይጀምርና ሰባ አምስት ላይ ይቆማል። የኔ ከሰባ ስድስት እስከ መቶ ሃምሳ ነው። መጨረሻው እኔ ጋ ነው ያለው። ነይና ውሰጂው።

ድንቢጥ